ምጽዋት የጤና ፖሊሲ አይሆንም

ስለ አንድ ኅብረተሰብ ብዙ የሚናገረው የሚያስደነግጠው ነገር ሳይሆን የለመደው ነገር ነው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ምን ለመድን? ጎኑ ላይ የአንድ ወጣት ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት ሚኒባስ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ሲመላለስ ማየት ለመድን። «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንደ ታክሲ ረዳት ጥሪ ሰምቶ ማለፍ ለመድን። የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ማኅተም ያረፈበት የሐኪም ማስረጃ፣ የሕመምተኛው የቀድሞ መልክና የአሁኑ መልክ ጎን ለጎን፤ እነዚህ ሁሉ የከተማችን ገጽታ ክፍል ሆኑ። ጥቂት ብር ጣል እናደርጋለን፤ «እግዜር ይማርህ» እንላለን፤ መስኮቱን ዘግተን እንሄዳለን። ማታም እንቅልፍ አይነሣንም፤ የሚገባንን አድርገናልና።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ይህ የለመድነው ነገር የበጎነትን ልብስ የለበሰ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ካላገኘው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚሞትበትን ሕክምና በአላፊ አግዳሚ ርኅራኄ ላይ መጣል፣ ማንም ደፍሮ ያልፈረመበት፣ ግን ሁሉም የሚያስፈጽመው ፖሊሲ ነው። የኩላሊት ሕመም አካልን ያደክማል፤ አእምሮንም ያደበዝዛል። የቀረውን፣ ማለትም የሰውየውን ክብርና ተስፋ፣ የሚጨርሰው ግን እኛ የሠራንለት ሥርዓት ነው።

በሽታውን እንወቀው

የኩላሊት ሥራ ቆሻሻን ማስወገድ ብቻ አይደለም። የሰውነትን ውኃና ጨው ይመጥናል፤ የደም ግፊትን ይቆጣጠራል፤ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲያመርት የሚያዝዘውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ለአጥንት ጥንካሬም ድርሻ አለው። «የኩላሊት እጥበት» የምንለው ዲያሊስስ (ስሙ ራሱ ያሳስታል፤ የሚታጠበው ደሙ ነው እንጂ ኩላሊቱ አይደለም) ከእነዚህ ሥራዎች ከፊሉን ብቻ ይተካል። የተለመደው ልክ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ጤነኛ ኩላሊት 168ቱንም ሰዓት ይሠራል፤ መሣሪያው የሚሠራው 12ቱን ነው። በአገራችን ደግሞ ብዙዎች የሦስቱን ዋጋ ከፍለው ስለማይዘልቁ በሁለት ይብቃቃሉ፤ ገንዘብ ሲያጥር በአንድ።

ነገሩን በወረቀት ብቻ አላውቀውም። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር የነበረ አንድ የቅርብ ወዳጄን፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለሁለት ዓመታት ያህል በሳምንት አንድ ቀን ወደ እጥበት አደርሰው ነበር። ከእርሱ የተማርሁት የመጀመሪያው ነገር ጥማት ነው። ሽንት ስለሚቀንስ የተጠጣው ሁሉ በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ውኃ በብርጭቆ ተለክቶ ይጠጣል። ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው የቡና ወግ ለእርሱ ስሌት ነበር፤ አሁን የጠጣው አንድ ስኒ ከማታው ውኃ ላይ ይቀነሳል። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ድንች፣ ቲማቲም ፖታስየም አላቸው፤ ፖታስየም ሲከማች ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። «በሞቴ!» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻን መመለስ በእኛ ባህል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ሕመምተኛው በየማዕዱ ይህን ሲያደርግ ይውላል፤ ቀስ በቀስም ከማዕዱ ይቀራል።

ሌሊቱን የሚያሳክክ ቆዳ፣ አላርፍ የሚል እግርና የተሰባበረ እንቅልፍ አለ። ከእጥበት በኋላ ግፊት ይወርዳል፤ ጡንቻ ይኮማተራል፤ ራስ ይዞራል። በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ታካሚዎች ተጠይቀውበት እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት ከአንድ እጥበት ለማገገም ከስድስት ሰዓት በላይ እንደሚፈጅባቸው ተናግረዋል። ስለዚህ «አራት ሰዓት ብቻ እኮ ነው» የሚል አሠሪ ካለ ይህን ይወቅ፤ ሠራተኛው የሚያጣው አራት ሰዓት ሳይሆን ሙሉ ቀኑን ነው።

ስለ አእምሮ ለምን ዝም ይባላል?

ስለዚህ ሕመም ከሚነገረው ሁሉ በጣም ጥቂት የሚነገርለት አእምሮ ነው። ያ የሒሳብ መምህር ወዳጄ በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀላል እኩልታ ጀምሮ መሀል ላይ ይጠፋበት ጀመር። መድኃኒቱን ወስዶ እንደሆነ ይረሳል። የጀመረውን ወሬ የት እንዳቆመ ይጠይቀኛል። የሚያውቁት ሰዎች «ፈዘዘ»፣ «ተስፋ ቆርጦ ነው» ይሉ ነበር፤ ጠባዩ የተለወጠ መስሏቸው። ነገሩ ግን የጠባይ ጉዳይ አልነበረም። ኩላሊት ያላስወገደው መርዝ በደም ውስጥ ተከማችቶ የአንጎልን ሥራ ያውካል፤ የደም ማነሱ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ኩላሊቱን የጎዱት የስኳር በሽታና የደም ግፊት የአንጎልንም ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳሉ፤ በእጥበቱ ጊዜ የሚያጋጥመው የግፊት መውረድ ደግሞ በላዩ ይጨመርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 338 የዲያሊስስ ታካሚዎችን መርምሮ፣ 37 በመቶ የሚሆኑት ከባድ የማሰብና የማስታወስ መዳከም እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ችግር በሕክምና መዝገባቸው ላይ ተጽፎላቸው የነበሩት ግን ከ3 በመቶ አይበልጡም ነበር። ልብ ይበሉ፤ ይህ የሆነው እጥበቱን በአብዛኛው መንግሥት በሚከፍልበት አገር ነው። በሁለትና በአንድ በሚብቃቃው የእኛ ሰው አንጎል ውስጥ ምን እንደሚካሄድ መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ምን እንጠይቃለን? ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ። ከሆስፒታል ማስረጃ ያጽፍ፤ ጊዜው ሲያልፍም ያሳድስ። ማኅተሙ ካልደመቀ ይመለስ። ለሚለምንበት ፈቃድ ያስፈርም። የትኛው በጎ አድራጎት ድርጅት ስንት ቀን እንደሸፈነለት፣ የትኛው ቀን ባዶ እንደቀረ፣ ባዶውን ቀን የትኛው ዘመድ እንደሚሞላለት ያስላ። አእምሮው በበሽታ የደከመን ሰው፣ ጤነኛ የሒሳብ ሹም የሚያታክት ሥራ እናሠራዋለን። የሚሮጥለት ልጅ ወይም ሚስት ያለው ይተርፋል። ብቸኛው፣ ከገጠር የመጣው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችለው በመሀል ይወድቃል። የሚኖረውንና የሚሞተውን የሚለየው የሐኪም ሚዛን አይደለም፤ የደጅ ጥናት ችሎታ ነው።

ሕክምናው እንዲድን፣ ክፍያው እንዲታመም

በዲያሊስስ ታካሚዎች ዘንድ ድባቴ በየትኛውም አገር የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ በሐኪም ቃለ መጠይቅ ሲመረመሩ ከመቶ 23 ያህሉ ድባቴ እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ሕክምናው በእጃቸው ያለ ሰዎች ሐዘን ነው። እኛ በላዩ ላይ ውርደትን ጨምረንበታል።

ለሕክምና መለመን የራሱ ሕግ አለው። ሕመምተኛው የሚረዳው መታመሙ ሲታይ ብቻ ነው። ጸጉሩን ቢስተካከል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ቢለብስ፣ ከጓደኛው ጋር ቢስቅ «ይኼ ደግሞ ምኑ ታመመ?» ይባላል። ሐሰተኛ ማስረጃ ይዘው የሚለምኑ አጭበርባሪዎች ስላሉ ጥርጣሬው መሠረት የለውም አልልም፤ የጥርጣሬውን ዋጋ የሚከፍለው ግን እውነተኛው ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ «ተስፋ አትቁረጥ፤ ሥራህን አትተው፤ ከሰው ጋር ተቀላቀል» ይለዋል። ገንዘብ የሚወረውርለት ሕዝብ ግን ተስፋ የቆረጠ ፊት ማየት ይፈልጋል። ሕክምናው እንዲድን ይጠይቀዋል፤ ክፍያው እንዲታመም ያዝዘዋል። በዚህ መሀል የተያዘ መንፈስ ጤነኛ ሆኖ እንዲዘልቅ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ወዳጄ አንድ ቀን በመኪና ውስጥ እንዲህ አለኝ፦ «ለስንት ሰው ባለ ዕዳ እንደሆንሁ ልቆጥር ሞከርሁና 400 ላይ ተውሁት። የረዱኝን ሰዎች በመንገድ ሳገኛቸው፣ እስካሁን ለምን አልዳንህም የሚሉኝ ይመስለኛል።» ምጽዋት ለዚህ በሽታ ለምን እንደማይሆን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። የሰው ርኅራኄ መነሻና መድረሻ ያለው ነገር ነው። ለአንድ የልብ ቀዶ ሕክምና ብር ሲሰበሰብ ግብ አለው፤ ይሞላል፤ ልጁ ይታከማል፤ ሰጪውም ፍሬውን አይቶ ደስ ይለዋል። ዲያሊስስ ግን መድረሻ የለውም። ዛሬ ማክሰኞ የተሰጠው ብር ሐሙስ ላይ አልቋል። ሕመምተኛው አይድንም፤ አይሞትምም፤ ይኖራል። ሰጪው ደግሞ ይደክማል። በሦስተኛው ወር ስልክ የማያነሣ ዘመድ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የዘመድ ኪስ ለዘላለም ሕክምና ስላልተሠራ ነው። በዚህም ምክንያት ሕመምተኛው ከበሽታው ጋር ዘመዶቹንም ያጣል።

ቤት ውስጥ የሚሆነውም አለ። መሬት ይሸጣል፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ይወጣል፤ ትዳር ይላላል። ንቅለ ተከላ ሲነሣ «ኩላሊት ማን ይስጥ?» የሚለው ጥያቄ በእኅትማማችና በወንድማማች መካከል ይገባል። ማንም አይጠይቅም፤ ማንም አይመልስም፤ ዝምታው ግን ይከብዳል። ለእነዚህ ሰዎች ከሐኪሙና ከነርሷ ሌላ የሚያናግራቸው፣ ሸክማቸውን በሥርዓት የሚካፈል የሥነ ልቦና ባለሙያ በስንቱ የእጥበት ክፍል ውስጥ ይገኛል? ጥያቄውን ለጤና ባለሥልጣኖቻችን ትቼዋለሁ።

ላም አለኝ በሰማይ

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለሕዝቡ የጤና፣ የትምህርትና ሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶችን ለማቅረብ በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። መልካም። ወደ ዝርዝሩ እንውረድ።

የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ሲወጣ የደመወዝተኛውን ሕዝብ ሕክምና በጋራ መዋጮ እንዲሸፍን ታስቦ ነበር። ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። ይህ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ለእኛ የሚያስፈልገን ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 271/2005 ነው። ደንቡ መድኑ የማይሸፍናቸውን አገልግሎቶች ሲዘረዝር የውበት ቀዶ ሕክምናን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንና መነጽርን ጠቅሷል፤ በዚያው ዝርዝር ውስጥ የአካል ንቅለ ተከላንና፣ ድንገተኛ የኩላሊት ሥራ ማቆም ካልሆነ በቀር፣ ዲያሊስስን አስገብቷል። አንባቢ ሆይ፣ ቆም ብለው ያስቡት። አንድ ሰው አፍንጫውን ለማሳመር የሚያደርገው ቀዶ ሕክምናና ሌላው ሰው እስከ ዓርብ ለመኖር የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ዝርዝር ላይ ተቀመጡ። የመድን ትርጉሙ ግለሰብ ብቻውን የማይሸከመውን ብዙዎች እንዲሸከሙት ማድረግ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት አያስፈልገውም ነበር። ከባዱን ሸክም ለይቶ አውጥቶ ቀላሉን ብቻ የሚሸከም መድን ስሙን አይመጥንም።

የሥራ ሕጉንም እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ ከስድስት ወር የማይበልጥ ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። ሕጉ ያሰበው ሁለት ዓይነት ሰው ነው፤ ታሞ የሚድንና ታሞ የሚሞት። ታሞ የሚኖረውን አላሰበውም። ይህ ሰው ግን የሥራ ሰዓቱ ቢስተካከልለት፣ እጥበቱም በማታ ቢሰጠው፣ ሠርቶ ግብር የሚከፍል ዜጋ ነው። ሥራ ለእርሱ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ከሕመሙ ሌላ ማንነት እንዳለው የሚያስታውሰው ብቸኛ ነገር ነው።

«ድኻ አገር ነን»

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። «ለአንድ ሰው እጥበት በዓመት የሚወጣው ገንዘብ ስንት ሕፃን ያስከትባል? ስንት እናት ያዋልዳል?» ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በንቀት አላልፈውም። ሀብት ውስን ነው፤ ምርጫም የግድ ነው። እኔ የምለው ምርጫው በገሃድ ይደረግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ መሣሪያው ጥቂት፣ ሕመምተኛው ብዙ ሆነና ስማቸው ያልተገለጸ ሰባት ሰዎች ማን እንዲታከም ይመርጡ ነበር። የአመልካቹን ትዳር፣ የልጆቹን ብዛት፣ ሀብቱንና ሥራውን ይመዝኑ እንደነበር ላይፍ መጽሔት ሲያወጣው አገር ደነገጠ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ ሕመምተኛ በኮንግረሱ ኮሚቴ ፊት በመሣሪያው ላይ ሆኖ ደሙ ሲታጠብ ታየ። በጥቅምት 1972 ሕጉ ጸደቀ፤ የሥራ ግብር የከፈለ ሰውና ቤተሰቡ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን በሜዲኬር እንዲታከም ተደነገገ። ስለዚህ ዛሬ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ አንድ ወገናችን በዓመታት ሥራው ባገኘው መብት ይታጠባል፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ደግሞ በዚያው ወንድሙ በኩል በውጭ አገር በሚሰበሰብ መዋጮ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሚለያያቸው ሕግ ነው።

«አሜሪካ ሀብታም ናት» ለሚል ደቡብ አፍሪካን እጠቅሳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ የ41 ዓመት ሰው የመንግሥት ሆስፒታል ዲያሊስስ ነፈገኝ ብሎ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። ሆስፒታሉ ለንቅለ ተከላ ብቁ የሆኑትን የሚያስቀድም የተጻፈ መመሪያ ነበረው። ፍርድ ቤቱ የመንግሥት አቅም ውስን መሆኑን ተቀብሎ በሰውየው ላይ ፈረደ፤ ሰውየውም ብዙ ሳይቆይ አረፈ። መራር ፍርድ ነው። ነገር ግን መመሪያው ተጽፎ ነበር፤ ዳኞች ስማቸውን አኑረውበታል፤ ሕዝብ አንብቦታል፤ ሊቃወመውና ሊያስለውጠው ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን በየዓመቱ ስንት ሰው ተመሳሳይ ፍርድ ይፈረድበታል? ዳኛው የት አለ? መዝገቡስ? በእኛ አገር ፍርዱን የሚሰጠው የፎቶግራፉ ውበት፣ የታዋቂ ሰው ወዳጅነትና ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ሀብት ማነሱን እቀበላለሁ፤ ያነሰውን ሀብት በዕጣ መበተንን ግን አልቀበልም።

ደግሞስ ገንዘቡ አሁንም እየወጣ አይደለምን? ቤት እየተሸጠ፣ ዕቁብ እየተሰበረ፣ ከውጭ እየተላከ፣ በአደባባይ እየተለመነ ይወጣል። ይህችው ድኻ አገር ዛሬም ትከፍላለች፤ የምትከፍለው ግን እጅግ በባከነና እጅግ ኢፍትሐዊ በሆነው መንገድ ነው። በመጨረሻም ሰውየው ይሞታል። በአገራችን በአንድ የግል ሆስፒታል የታከሙ 91 የዲያሊስስ ታካሚዎችን የተከተለና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በላይ በሕይወት የቆዩት ከግማሽ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። እነዚህ እንግዲህ መክፈል የጀመሩት ናቸው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ሕክምናውን ባለማግኘታቸው ሳይሞቱ እንዳልቀሩ የተገመቱት ቢያንስ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ።

ምን ይደረግ?

በመንግሥት በኩል ምንም አልተሠራም አልልም። በዳግማዊ ምኒልክ፣ በዘውዲቱና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የእጥበት አገልግሎት ተከፍቷል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ አካሂዷል፤ ይህ ኩራት ነው። ለሕመምተኞች የቆሙት በጎ አድራጊዎችም ባይኖሩ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ብዙዎች ይሆኑ ነበር። ጥያቄዬ ግን በጎ ፈቃድ መብትን እንዲተካ አይፈቀድ የሚል ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ የምርጫው መስፈርት ተጽፎ በአደባባይ ይውጣ። በመንግሥት ሆስፒታል ነጻ እጥበት የሚያገኘው ማን ነው? ተራው እንዴት ይጠበቃል? ይግባኝ ለማን ይባላል? ይህ ብር አይፈልግም፤ ድፍረት እንጂ።

ሁለተኛ፣ ዲያሊስስ በጤና መድን ውስጥ ይግባ፤ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ካልተቻለ በደረጃ፤ በቅድሚያ ለወጣቶችና ሰጪ አግኝተው ንቅለ ተከላ ለሚጠባበቁ። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 በሆድ ዕቃ በኩል የሚካሄደውንና ታካሚው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን የዲያሊስስ ዓይነት በማስቀደም በሕዝባዊ መድኗ ውስጥ አስገብታለች። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2016 ለድኾች በዲስትሪክት ሆስፒታሎች ነጻ ዲያሊስስ የሚሰጥ ብሔራዊ ፕሮግራም አውጃለች። ከሁለቱ የሕንድ ሕዝብ ከእኛ እጅግ ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ንቅለ ተከላ ከጊዜ በኋላ ከዲያሊስስ ያነሰ ወጪ ያለው፣ አካልን ብቻ ሳይሆን የደበዘዘውንም አእምሮ ብዙ ጊዜ የሚያነቃቃ ሕክምና ነውና፣ የማያቋርጥ የመድኃኒትና የዕቃ አቅርቦት ይኑረው። አዲሱ ኩላሊት እንዲቆይ የሚወሰደው መድኃኒት የዕድሜ ልክ ነው፤ እርሱ ከገበያ በጠፋ ቁጥር የተተከለው ኩላሊት አደጋ ላይ ይወድቃል።

አራተኛ፣ በየእጥበት ማዕከሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይመደብ። የማስታወስ ችሎታና ድባቴ እንደ ደም ግፊት በየጊዜው ይመርመሩ። ወረቀት የሚያስጨርስለት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛም ይኑር፤ ደክሞት የተኛን ሰው ማኅተም ፍለጋ አናሩጠው። የማታ እጥበትም ይጀመር።

አምስተኛ፣ በሽታው ሳይደርስ ይያዝ። የደም ግፊት መለካትና ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን በትንሽ ወረቀት መመርመር በየጤና ጣቢያው ሊደረግ የሚችል ርካሽ ነገር ነው። የሕመም ማስታገሻን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለወራት መውሰድ ኩላሊትን እንደሚጎዳ የሚያስተምር ስንት ፋርማሲ አለን? «መከላከል ይቀድማል» እያሉ እጥበትን የሚነፍጉ ሰዎች መከላከሉንም ሲሠሩ አላየኋቸውም።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. አገራችን አባል የሆነችበት የዓለም ጤና ጉባኤ የኩላሊት ጤናን የተመለከተ ውሳኔ አጽድቋል። በጄኔቭ የተነሣ እጅ አዲስ አበባ ላይ ምን እንደሠራ መጠየቅ የፓርላማ አባሎቻችን ሥራ ነው። የእኛ የተማርን የከተማ ሰዎች ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። መስጠታችንን አንተው፤ ነገ እጥበት ያለበት ሰው የፖሊሲ ክርክራችን እስኪያልቅ አይጠብቅምና። ነገር ግን ብሩን በጣልንበት እጃችን ጥያቄውንም እንጻፍ፤ ለምክር ቤት ተመራጫችን፣ ለመድን አገልግሎቱ፣ ለአሠሪያችን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በዚህ ጉዳይ በሽታውን የደበቀው ግን ሕመምተኛው አይደለም። እርሱማ ፎቶግራፉን መኪና ላይ ለጥፎ በአደባባይ እየዞረ ነው።

ቸር ይግጠመን።